ሰፈርና ቤት፤ የአራዳና የዙሪያው ነባር ቤቶች ታሪክ፣ አሠራርና ቃላት

1. መነሻ

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር፣ በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ በርካታ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል፤ ዶሮ ማነቂያ ይባል የነበረው ሰፈርም ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረው ቦታው ለአዲስ ግንባታ ውሏል። ስለ ቤቶቹ ቅርስነት የታሪክና የሥነ ሕንጻ ባለሙያዎች ጽፈዋል፤ ተከራክረዋልም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ከዚያ ክርክር ጎን ያለ፣ ነገር ግን ለቋንቋ ባለሙያ ይበልጥ የቀረበ ነው፤ ይኸውም ከቤቶቹ ጋር አብረው ስለሚሄዱት ቃላት ነው።

እንደሚታወቀው መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የአንድን ነገር ስም ሲፈታ ፍችው የሚታመነው ነገሩን አይቶና ከባለሙያው አፍ ሰምቶ የጻፈ እንደሆነ ነው። ነገሩ ከጠፋ በኋላ የሚጻፍ ፍች ከቀደመ ፍች የተቀዳ ከመሆን አያልፍም። «እልፍኝ» ማለት «ክፍል» ነው፣ «ማገር» ማለት «እንጨት» ነው ተብሎ ቢጻፍ ስሕተት ነው አይባልም፤ ሆኖም አንባቢው ቃሉን አገኘ እንጂ ነገሩን አላገኘም። ተርጓሚውም ከዚህ ፍች ተነሥቶ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልስ ጉድለቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ሰፈሩ እንዴት እንደ ተመሠረተ፣ ቤቱ እንዴት እንደ ተሠራና እያንዳንዱ ቃል በየትኛው የታሪክ ደረጃ ላይ እንደ ቆመ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

2. «ሰፈር» የሚለው ቃል

«ሰፈረ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ፍች አለው። አንደኛው እህልን በቁና ወይም በሌላ መስፈሪያ ለካ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በአንድ ቦታ ተቀመጠ፣ ድንኳን ተክሎ ዐረፈ ማለት ነው። «ሰፈር» የተባለው ስም የወጣው ከሁለተኛው ነው። ነገሥታቱ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ይገዙ በነበረበት ዘመን ሰፈር ማለት የሠራዊቱ ማረፊያ ነበር። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ሲተከል መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ዙሪያውን ይይዛሉ። ሥርዐቱ በማዕረግ ስሞቹ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ፣ ደጃዝማች ከደጅ ነው።

በ1879 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ አካባቢ መውረድ ሲጀምርና አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ የከተማዪቱ አቀማመጥ የተቀዳው ከዚሁ የሰፈር ሥርዐት ነው። ግቢው በኮረብታ ላይ ሆነ፤ መኳንንቱ በዙሪያው ባሉት ከፍታዎች ላይ ቦታ ተሰጣቸው፤ በእያንዳንዱ መኰንን ቤት ዙሪያ ወታደሩ፣ አሽከሩና የእጅ ባለሙያው ጎጆውን ቀለሰ። በሰፈሮቹ መካከል ወንዝ፣ ገደልና ባዶ ሜዳ ነበር። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ አዲስ አበባ ቀደምት ሰፈሮች ባቀረቡት ጥናት ይህን አመሠራረት በሰፊው አስረድተዋል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር የስያሜው መንገድ ነው። አንዳንዶቹ ሰፈሮች በጌታው ስም ተጠሩ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ካሣ ሰፈር የመሳሰሉት ናቸው። ሌሎቹ በሥራ ተጠሩ፤ ሠራተኛ ሰፈርና ዘበኛ ሰፈር ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የቀሩት በመጡበት አገር ወይም በወገናቸው ተጠሩ፤ ዶርዜ ሰፈር፣ መንጃር ሰፈር፣ አደሬ ሰፈር እንደሚባለው ነው።

«ሰፈር» ከጎረቤት ቃላቱ የሚለይበት ምክንያትም ከዚሁ ታሪክ የመጣ ነው። «ተራ» የገበያ መደዳ ነው፤ ስለዚህ ሰንጋ ተራ እንላለን እንጂ ሰንጋ ሰፈር አንልም። «ቀበሌ» ወሰኑ በመንግሥት የተከለለ የአስተዳደር አካል ነው። ሰፈር ግን ወሰኑን የሚያውቀው ነዋሪው ነው፤ እድሩ፣ የውሃ ቦኖውና የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ መንገድ ይወስኑታል።

ለተርጓሚ አንድ ችግር እዚህ ላይ ይነሣል። በዜና መዋዕል ውስጥ «ሰፈሩ ተነሣ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢገኝ ሠራዊቱ ድንኳኑን ነቅሎ ጉዞ ጀመረ ማለት ነው። ዛሬ በከተማው «ሰፈሩ ተነሣ» ሲባል ነዋሪው ከቦታው እንዲለቅ ተደረገ ማለት ነው። የአስተዳደሩም ቋንቋ «የልማት ተነሺ» የሚል ስያሜ አውጥቷል። ቃሉ አንድ፣ ግሡም አንድ ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያው ተነሺው በጌታው ትእዛዝ ከነጓዙ ወደ ሌላ ሰፈር ይጓዛል፤ በሁለተኛው ሰፈርነቱ ራሱ ይቀራል። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ተርጓሚ ወይ የጥንቱን ጦር ሰፈር የከተማ መንደር ያደርገዋል፤ ወይም የዛሬውን መንደር ጦር ሰፈር ያደርገዋል።

ስለ «አራዳ»ም ጥቂት እንጨምር። አራዳ በመጀመሪያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የነበረው የገበያና የንግድ ሰፈር ስም ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ ሲያዛውሩና አደባባዩን በራሳቸው ቋንቋ ሲጠሩት «ፒያሳ» የሚለው ስም ጸና። «አራዳ» ግን አልጠፋም። የቦታ ስም ከመሆን አልፎ ቅጽል ሆነ፤ «አራዳ ነው» ማለት ነገር የገባው፣ የከተማ ኑሮ የሠለጠነበት ሰው ነው ማለት ሆነ። እንግዲህ የቦታው ስም የነዋሪውን ጠባይ እስከ መሰየም ደርሷል ማለት ነው።

3. ከጎጆ ወደ ባለ ደርብ ቤት

የመጀመሪያዎቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ክብ ጎጆዎች ነበሩ። ግድግዳው በቁም የተተከለ እንጨት ነው፤ ይህም «ቋሚ» ይባላል። ቋሚውን በአግድም የሚያያዙት ቀጫጭን እንጨቶች «ማገር» ናቸው። ማገሩ በልጥ ወይም በሚስማር ይጠብቃል። በመካከል የሚቆመው «ምሰሶ» ነው፤ ከምሰሶው ወይም ከጫፉ ወደ ግድግዳው ዘንበል ብለው የሚወርዱት «ወራጅ» ይባላሉ። ጫፉ ሁለት ሆኖ አግዳሚ የሚሸከመው እንጨት «ባላ» ነው። ክዳኑ ሣር፣ የክዳኑ ጫፍ «ጉልላት» ነው።

የጭቃው ሥራ የራሱ ቋንቋ አለው። አፈር ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ በእግር ተረግጦ ለቀናት ይቀመጣል፤ ይህም «ጭቃ ማቡካት» ይባላል። ሊጥ የሚቦካበት ግሥ ያለ ለውጥ ለግድግዳው አገልግሏል። የቦካው ጭቃ በማገሩ ላይ ሲደረግ «ምርጊት» ነው፤ ከደረቀ በኋላ የሚደረገው ስስና ለስላሳ ሽፋን «ልስን» ነው። «መረገ»ና «ለሰነ» በብዙ ትርጉሞች ውስጥ በአንድ ቃል ሲመለሱ እናያለን፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ግድግዳውን ይፈጥራል፣ ሁለተኛው የተፈጠረውን ያስተካክላል። እንዲህ ባለ እንጨትና ጭቃ የተሠራው ግድግዳ በጠቅላላ ስሙ «ጨፈቃ» ይባላል።

ከተማዪቱ እየሰፋች ስትሄድ የእንጦጦ ጥድ ተመናመነ። የማገዶና የመሥሪያ እንጨት እጥረቱ እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። በዘመናቸው ከባሕር ማዶ የመጣውና በስሙም መምጫውን የያዘው ባሕር ዛፍ ችግሩን አቃለለ። ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚደርስ፣ ቀጥ ያለ እንጨት ነው፤ «አጠና» የሚባለው ቀጭን ምሰሶ የከተማው ቤት ሁሉ ዐጥንት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ጋር ቆርቆሮ ገባ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስም አቅርቦቱ ቀለለ። የቆርቆሮ ቅጠል አራት ማዕዘን በመሆኑ ክብ ጣራን በቀላሉ አይከድንም። ስለዚህ አጠናና ቆርቆሮ ተባብረው ጎጆውን አራት ማዕዘን አደረጉት። «ቤት ቀለሰ» የሚለው አነጋገር፣ ከጎጆው እንጨት መታጠፍ የተነሣ ሲሆን፣ ቤቱ ቀጥ ካለ በኋላም ሳይለወጥ ቀርቷል።

በአራዳና በዙሪያው የመኳንንቱና የነጋዴዎቹ ቤቶች ሌላ መልክ ያዙ። የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢና ግንበኛ ጋር ሠሩባቸው፤ ከአርመኖቹ መሐንዲሶች መካከል ሚናስ ኸርበኪያን ስሙ የታወቀ ነው። የዚህ ዐይነት ቤት የታችኛው ክፍል ብዙ ጊዜ የድንጋይ ሆኖ «ምድር ቤት» ይባላል፤ ለዕቃ ማስቀመጫና ለአገልጋዮች ያገለግላል። ላዩ «ደርብ» ነው፤ ከእንጨትና ከጭቃ ይሠራል፤ ጌታው የሚኖረው እዚያ ነው። ደረጃው ብዙ ጊዜ በውጭ በኩል ይወጣል። ደርቡን ከፊቱ ወይም ዙሪያውን የሚከበው የእንጨት መተላለፊያ በፍልፍል ጣውላ ያጌጣል፤ ጣራው ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቆርቆሮ ነው። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዠራር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ የእነዚህን ቤቶች መልክ በፎቶግራፍና በንድፍ አቅርበዋል። ለመዝገበ ቃላት ሥራ እንዲህ ያለው ንድፍ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

4. የቤቱ ክፍሎችና ማዕረጋቸው

የነባሩ ቤት ክፍሎች በስፋታቸው ወይም በአገልግሎታቸው ብቻ የተለዩ አይደሉም፤ በማዕረግም የተለዩ ናቸው። «አዳራሽ» ግብር የሚበላበትና እንግዳ በብዛት የሚሰበሰብበት ነው። «እልፍኝ» የጌታው የግል ክፍል ነው፤ ያለ ፈቃድ አይገባበትም። በር ላይ ቆሞ የሚያስገባና የሚመልሰው ባለሥልጣን «እልፍኝ አስከልካይ» መባሉ ይህንኑ ያስረዳል። «ጓዳ» የውስጥ ክፍል ነው፤ እህሉ፣ መጠጡና የቤቱ ምስጢር ያለው እዚያ ሲሆን አዛዧ እመቤቲቱ ናት። «ደጅ» ከግቢው በር አካባቢ ያለው ሲሆን ጉዳይ ያለው ሰው የሚቆምበት ነው፤ «ደጅ ጠና» የሚለው ግሥ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። «አባታችን እልፍኝ፣ እናታችን ጓዳ፣ እኛ ደጅ ነበርን» የሚል ዐረፍተ ነገር በአንድ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ቢገኝ፣ ተርጓሚው ሦስቱን ቃላት «ክፍል»፣ «ኩሽና» እና «ውጭ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። እንዲህ ሲሆን የቀረው የሦስት ሰዎች መገኛ ብቻ ነው። የአማርኛው አንባቢ ግን የቤቱን ሥርዐት በሙሉ አንብቧል፤ ማን ወደ ማን እንደሚገባ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ዐውቋል።

በትልቁ ግቢ ውስጥ ደግሞ «ቤት» የሥራ ክፍል ማለት ነበር። ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ግምጃ ቤት እያንዳንዳቸው አለቃና ሠራተኛ ነበራቸው። እነዚህ ስሞች ከግቢው አጥር ወጥተው ወደ ከተማው ሲገቡ ፍችአቸው ተለያየ። «ጠጅ ቤት»ና «ሥጋ ቤት» የንግድ ቤቶች ሆኑ። «ወጥ ቤት» የማብሰያ ክፍል ስም ከመሆኑ በላይ የምታበስለዋ ሴት መጠሪያ ሆነ። ስለዚህ «ወጥ ቤቷ ታመመች» የሚለው ለከተማ ሰው ግልጽ ነው፤ ለጀማሪ ተርጓሚ ግን መሰናክል ነው። መዝገበ ቃላት ሦስቱንም ፍቾች በዘመን ቅደም ተከተል ቢያስቀምጥ ችግሩ ይቃለላል።

5. ከውጭ የገቡ ቃላት

ቤቱ የተለያዩ አገሮች እጅ ያረፈበት በመሆኑ ቃላቱም እንደዚሁ ናቸው። «ፎቅ» ከዐረብኛ የመጣና መነሻ ፍችው «በላይ» የሆነ ቃል ነው። «በረንዳ» ከሕንድ እስከ ጣሊያን የሚታወቅ፣ ከንግድና ከግንባታ ጋር ብዙ አገር የዞረ ቃል ነው። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በነበረው ወረራና ከዚያም በኋላ በቀሩት ጣሊያናውያን ባለሙያዎች አማካይነት የገቡት ደግሞ በአብዛኛው የመሥሪያ ዕቃ ስሞች ናቸው፤ ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ፌሮ፣ ላሜራ፣ ሞራሌ፣ ሊሾ የመሳሰሉት ናቸው። «ሊሾ» በመነሻ ቋንቋው «ለስላሳ» የሚል ቅጽል ሲሆን በአማርኛ ለስላሳ የሲሚንቶ ወለል ማለት ሆኖ ስም ሆኗል። «ካዛንቺስ» የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ የጣሊያን ድርጅት ምኅጻረ ቃል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው «ኮርኒስ» ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች ይህ ቃል ከግድግዳ ጫፍ ወጣ ብሎ የሚሠራ ጌጠኛ ጠርዝ ነው። በአማርኛ ግን ከጣራው ሥር የሚደረገው ሽፋን በሙሉ ሆነ። በነባሮቹ የጭቃ ቤቶች ኮርኒስ የተወጠረ አቡጀዲ ነበር፤ በየጊዜው በኖራ ይቀባ ነበር። ተርጓሚው ቃሉን ወደ መነሻው ቋንቋ እንዳለ ቢመልሰው አንባቢው ያልተሠራ ጌጥ ያያል፤ በጨርቅ የተሸፈነውን ጣራ አያይም። የውሰት ቃል ከተዋሰበት ቋንቋ ጋር በድምፅ ስለ ተመሳሰለ በፍችም አንድ ነው ማለት እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

6. ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት የሆነበት ዐዋጅ ቁጥር 47/1967 የቤቱን ብቻ ሳይሆን የቃላቱንም ታሪክ ለውጧል። «ትርፍ ቤት» ሕጋዊ ፍች ያለው ስያሜ ሆነ፤ ባለቤቱ ከሚኖርበት በላይ ያለው ቤት ማለት ነው። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት በቀበሌ ሥር ሲውል «የቀበሌ ቤት»፣ ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ «የኪራይ ቤቶች» ተባለ። «የቀበሌ ቤት»ን «የቀበሌ ጽሕፈት ቤት» አድርጎ መተርጐም በሰነዶች ላይ የሚያጋጥም ስሕተት ነው።

የቀድሞው ትልቅ ቤት ለብዙ ቤተ ሰብ ተከፋፈለ። አዳራሹ በኮምፔርሳቶ ተገድቦ ሁለትና ሦስት ቤት ሆነ፤ እልፍኙ ለአንድ ቤተ ሰብ መኝታም፣ ማብሰያም፣ እንግዳ መቀበያም ሆነ፤ ምድር ቤቱ ሌላ ቤተ ሰብ ያዘ። እንዲህ ሲሆን የክፍሎቹ የማዕረግ ስሞች ሥራ ፈቱ። በአንጻሩ «ቆጥ» አዲስ ኑሮ አገኘ። ቆጥ በገጠሩ ቤት ዕቃ የሚሰቀልበት፣ ዶሮም የምታድርበት ነው፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት የሚያስታውሰው ይህን ነው። በጠበበው የከተማ ቤት ግን ቆጥ ልጆች በመሰላል ወጥተው የሚተኙበት ከጣራ ሥር ያለ መኝታ ሆነ። ይህ ፍች በአንድ ትውልድ የኑሮ ጥበት የተፈጠረ ነው፤ እነዚያ ቤቶች ሲፈርሱ የሚያስረዳው ሰው እየቀነሰ ይሄዳል።

«ኮሪደር» የሚለው ቃል የሄደበት መንገድም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቃሉ በከተማው አማርኛ በቤት ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያስኬደው ጠባብ መተላለፊያ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በመንገድ ግራና ቀኝ የሚካሄደው ግንባታ መጠሪያ ሆኖ፣ በብዙ ተናጋሪ አእምሮ የቤቱን ፍች ቀድሞታል።

7. ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የቀረበ ሐሳብ

ከዚህ በላይ ከተመለከተው ተነሥተን የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

ሀ) የቤት አካል ስም ሲፈታ ቢያንስ አራት ነገሮች ይጠቀሱ፤ አካሉ በቤቱ ውስጥ ያለበት ቦታ፣ የተሠራበት ነገር፣ ተጠቃሚው ማን እንደ ሆነና ቃሉ በዚያ ፍች ያገለገለበት ዘመን። ለምሳሌ «ማገር» ሲፈታ «በጨፈቃ ግድግዳ ቋሚዎችን በአግድም የሚያያዝ ቀጭን እንጨት፤ ምርጊት የሚይዝበት» ቢባል፣ ቤቱን ያላየ ሰው እንኳ ሥራውን ይረዳዋል። ሲቻልም ንድፍ ይጨመር።

ለ) «በረንዳ»ና «ሰገነት» ይለዩ። በረንዳ በመሬት ወለል ደረጃ ያለ፣ ጣራ ያለው፣ ወደ ውጭ የተከፈተ የቤት ክፍል ይሁን፤ ሰገነት በደርብ ላይ ያለው ይሁን። የአራዳው ባለ ደርብ ቤት ሁለቱንም በአንድ ላይ ስለሚይዝ መለየቱ ግድ ነው።

ሐ) «ደርብ»ና «ፎቅ»ም እንዲሁ። በአሁኑ አነጋገር «ፎቅ» ሕንጻውንም፣ የሕንጻውንም አንድ እርከን ይጠራል። «ደርብ» ለእርከኑ፣ «ፎቅ» ለሕንጻው ቢወሰን «ባለ አምስት ደርብ ፎቅ» ማለት ይቻላል፤ ፍችውም አይደበላለቅም።

መ) የሰፈር ስም አይተርጐም። እሪ በከንቱን ወይም ዶሮ ማነቂያን በፍች መልሶ መጻፍ ቦታውን ከካርታ ያጠፋዋል። ስሙ በድምፁ ተጽፎ ፍችው አንድ ጊዜ ብቻ በማብራሪያ ይሰጥ።

ሠ) ቃላቱ የሚሰበሰቡት በቅድሚያ ከአናጢ፣ ከግንበኛ፣ ከመራጊና በነባር ቤቶች ከኖሩ እናቶች ይሁን። ወንዱ ባለሙያ የእንጨቱን ስም ያውቃል፤ የጓዳውን ስም የምታውቀው ግን እናት ናት። እስከ አሁን የተሠሩት ሥራዎች ወደ መጀመሪያው ያመዝናሉ የሚል አስተያየት አለን።

8. መደምደሚያ

ነባር ቤት ሁሉ ይጠበቅ ማለት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስትና ሰባት ሆነው፣ የጋራ መጸዳጃ እየተጋፉ፣ በሚያፈስ ጣራ ሥር የኖሩ ሰዎች የተሻለ ቤት ይገባቸዋል፤ ቃል ለመጠበቅ ሲባል ሰው በጭቃ ቤት ይኑር የሚል የቋንቋ ባለሙያ ሊኖር አይገባም። ነገር ግን ቤቱ ከመፍረሱ በፊት መሐንዲስ እንደሚለካው ሁሉ፣ ቃሉም ከመጥፋቱ በፊት ሊመዘገብ ይገባል። የመጀመሪያው ሥራ የሌሎች ነው፤ ሁለተኛው የእኛ ነው።

ሥራው የእኛ መሆኑን የሙያችን ቃላት ራሳቸው ያስታውሱናል። የዐረፍተ ነገሩን አድራጊ «ባለቤት» ብለን የጠራነው፣ ፊደሉን «የሀ ቤት፣ የለ ቤት» እያልን የቈጠርነው፣ ግጥሙ ሲገጥም «ቤት መታ» ያልነው ከዚሁ ቤት ተበድረን ነው። የተበደርነውን ያህል ለመመለስ አንድ የተሟላ የቤት ቃላት መዝገብ ማዘጋጀት ይበቃል፤ ለዚህም ቃሉን በቃሉ የያዙት ሽማግሌዎችና እናቶች ገና በሕይወት ያሉበት ጊዜ አሁን ነው።